ኤክስ ያደረግሁበት መልስ

በገላባት ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ «ከፍተኛ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር» የሚባለው ነገር የሚሠራው ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ላይ ነው ስላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ከጄኔሬተሩ እስከ ክፍላችን የተዘረጋው ሽቦ ኃይል ሲያልፍበት ይሞቃል፤ የሞቀውን ያህል ይባክናል። ሱፐርኮንዳክተር ይህ ብክነት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1911 ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ አቀዝቅዞ አገኘው። ምክንያቱን በ1957 ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ገለጹ፦ ኤሌክትሮን ሲያልፍ በዙሪያው ያሉትን አተሞች ጥቂት ይስባል፤ ያም ሌላውን ኤሌክትሮን ይጠራዋል፤ በተፈጥሯቸው የሚገፋፉት ሁለቱ ጥንድ ሆነው ይጓዛሉ። እኔም ይህንኑ ለሁሉም ሱፐርኮንዳክተር የሚሠራ፣ ያለቀለት ነገር አድርጌ አስተማርኩ።

በፈተና «ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣምራቸው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት ልጅ «በተራ ብረቶች የአተሞች ንዝረት፤ በመዳብ ኦክሳይዶች ግን ገና አልታወቀም» ብላ ጻፈች። ኤክስ አደረግሁበት። በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች።

«ቲቸር፣ አልታወቀም ማለት አላውቅም ማለት ነው እንዴ?»

ወንድሟ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያጠናል፤ እዚያ በዚሁ ጉዳይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ አሉ። የነገራት እሱ ነው።

ማታ ተቀምጬ አነበብኩ። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር ዙሪክ አጠገብ ያገኙት ብረት ሳይሆን እንደ ሸክላ ተሰባሪ የሆነ፣ ላንታነም፣ ባሪየምና መዳብ ያለበት ኦክሳይድ ነበር። የሚገርመው ባሪየሙ ካልገባበት ይኸው ነገር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በዓመቱ ኢትሪየም ያለበት ሌላ ኦክሳይድ ተሠርቶ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ላይ ደረሰ። ለዚህን ያህል ሙቀት የአተሞቹ ንዝረት ብቻ አይበቃም ባዮች በረከቱ። እዚህም ኤሌክትሮኖቹ በጥንድ እንደሚጓዙ በሙከራ ታይቷል፤ ማሰሪያው ነው ያከራከረው። ፊሊፕ አንደርሰን በ1987 ምንጩን በራሳቸው በኤሌክትሮኖቹ መገፋፋትና ማግኔታዊ ትስስር ውስጥ ፈለጉት። ብዙዎች ተከተሏቸው፤ ብዙዎችም ተቃወሟቸው። ሁሉም የተስማማበት ማብራሪያ እስካሁን የለም።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወረቀቷን ለክፍሉ አንብቤ ኤክሱን ሰረዝኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እንግዲያው የእኛ ሊቀነስ ነው?»

አልቀነስኩባቸውም። እንደዚያ ብለው እንዲጽፉ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።