ሐምራዊውን ዛፍ በሐምሌ እዩት

ኮሎምበስ ያላችሁ ወገኖች፣ ሰሞኑን ሰፈሩ ሁሉ ሐምራዊ ሆኗል፤ «ይህ ዛፍ ምንድን ነው? እኛም ደጅ እንትከለው?» የምትሉኝም በዝታችኋል። አዲስ አበባን ከነጃካራንዳዋ የምናስታውስ ሰዎች ሐምራዊ ዛፍ ስናይ ልባችን ቶሎ ይሸነፋል።

ዛፉ ክራብአፕል ነው። ከአፕል ወገን ሆኖ ፍሬው ከአምስት ሴንቲ ሜትር የማይበልጠው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። (የጽጌረዳ ቤተሰብ ነው፤ የኛው ኮሶም ከዚያው ቤተሰብ ነው፣ ብታምኑም ባታምኑም።) ቅጠል ሳያወጣ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ የሚያብበው ግን ሬድበድ የሚባል ሌላ ዛፍ ነው፤ አታምታቱት።

ሐምራዊነቱ የመጣው ከሩቅ ነው። በመካከለኛው እስያ፣ በቲየን ሻን ተራሮች፣ የኒድዝቬትስኪ አፕል የሚባል አለ፤ አበባው ቀይ፣ ለጋ ቅጠሉ ቀይ፣ ፍሬውን ስትቆርጡት ውስጡም ቀይ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አውሮፓ ገባና አዳቃዮች ተረባረቡበት። ዛሬ በየደጁ የምናየው ሐምራዊ ክራብአፕል አብዛኛው የእሱ ዘር አለበት። ከቀለሙ ጋር ግን ጣጣም መጣ፤ ከድሮዎቹ ዝርያዎች ብዙዎቹ ስካብ በሚባል የፈንገስ በሽታ በቀላሉ ይጠቃሉ።

ዋናው ምሳሌ ሮያልቲ ነው። የወጣው ከካናዳዋ ሳስካችዋን፣ ከደረቅ አገር ነው። እዚያ ይስማማው ይሆናል፤ የኦሃዮ ዝናብ ግን ሌላ ነገር ነው። ፈንገሱ በረገፈው ቅጠል ላይ በረዶውን አሳልፎ፣ የጸደይ ዝናብ ሲመጣ ወደ ለጋው ቅጠል ይዛመታል። መጀመሪያ ደብዛዛ የወይራ ቀለም ያለው ነጥብ ታያላችሁ፣ ቆይቶ ቅጠሉ ይጨማደድና መርገፍ ይጀምራል። ዛፉ አይሞትም፤ ግን ሐምሌ ላይ፣ ጥላ በምትፈልጉበት ሰዓት፣ ግማሽ ራቁቱን ይቆማል። ለሁለት ሳምንት አበባ ይህን ሁሉ መቻል ለኔ አይዋጥልኝም።

ከኮሎምበስ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዉስተር ላይ፣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሴክረስት አርቦሬተም አለ። ክራብአፕሎችን ጎን ለጎን ተክለው የሚያወዳድሩበትን ቦታ «ክራብላንዲያ» ይሉታል። የምትችሉ ሂዱና እዩ፤ በአበባው ጊዜ ሳይሆን በሐምሌ።

የኔ ምርጫ ፕሬሪፋየር ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ዴይተን ያወጣው፣ በ1982 ለገበያ የቀረበ፣ ስካብን በደንብ የሚቋቋም። ቅጠሉ ቀልቶ ወጥቶ በበጋ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ጥቃቅን ቀይ ፍሬው እስከ ክረምት ይቆይና ወፎች ይለቅሙታል። ቅጠሉም ሐምራዊ እንደሆነ ይቆይልኝ የሚል ሮያል ሬይንድሮፕስን ይትከል። ሁለቱም ወደ ስድስት ሜትር ስለሚደርሱ ከግድግዳ አርቁ፣ ሙሉ ፀሐይ ስጧቸው፣ በመከር የረገፈውን ቅጠል ጠርጋችሁ አስወግዱ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ችግኙ ላይ የታሰረውን ስም አንብቡ። «ሐምራዊ ክራብአፕል» ብቻ ከሆነ፣ ዝርያው ካልተጻፈበት፣ አትግዙት።