በድንበር ላይ የሚጀምር ጨዋታ

ለአንድ የቪዲዮ ጨዋታ መቶ ሰዓት መስጠት ይገባልን? ጊዜ ለተረፈው ሰው ይህ የመዝናኛ ጥያቄ ነው። በካርቱም ይኖር ለነበረው ኢትዮጵያዊ ግን የኑሮ ጥያቄ ነበር። ያ መቶ ሰዓት ከእንቅልፉ፣ ከዓርብ ዕረፍቱ፣ አለዚያም ወደ አገር ቤት ከሚላከው ገንዘብ ላይ ተቆርጦ የሚወጣ ነውና። «ነበር» መባሉ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማይቱ የፈነዳው ጦርነት ያን ኑሮ ስለ በተነው ነው። ጥያቄው ግን ከሰዎቹ ጋር አብሮ ተሰድዶ በየሄዱበት ይነሣል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ እዚህ የሚወሳው ጨዋታ ኳስ የሚራገጥበት ወይም መኪና የሚነዳበት ዓይነት አይደለም። ተጫዋቹ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ስም፣ ዘርና ሙያ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ምትሃትና ዘንዶ ባለበት ምናባዊ አገር ውስጥ ይለቀዋል። ዋናውን ታሪክ መከተል ይችላል፤ ትቶት ዕፅዋት ሲለቅም፣ ሲነግድ ወይም ሲሰርቅ ቢከርምም የሚከለክለው የለም። በዚህ ዘርፍ ስመ ጥሩ የሆነው ተከታታይ ሥራ ዘ ኤልደር ስክሮልስ ይባላል። ሦስተኛው ክፍል ሞሮዊንድ እ.ኤ.አ. በ2002፣ አምስተኛው ክፍል ስካይሪም በ2011 ለገበያ ቀርበዋል። ስካይሪም እስከ 2023 ድረስ ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደ ተሸጠ አዘጋጆቹ ተናግረዋል።

ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን ውስጥ የካርቱም ተጫዋቾች ቁጥር ውስጥ ገብተዋል ለማለት ያስቸግራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የኢኮኖሚ ማዕቀብ እስከ 2017 ሲጸና፣ ዓለም አቀፉ የባንክ ካርድ በአገሪቱ አይሠራም ነበር። ስለዚህ ጨዋታው የሚገኘው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ፣ ከተቀዳም በተቀዳ ዲስክ ነበር። ሌብነት ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ይሁንና ከፍሎ ሊገዛ የፈለገውም ሰው በሩ ተዘግቶበት ነበር። በሌላ በኩል እነዚህ ጨዋታዎች አንድ ጊዜ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይሹም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የካርቱሙ የተቃውሞ ሰፈር በኃይል ሲበተን ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ሲቋረጥ፣ ዜናውም መልእክቱም ሲጠፋ፣ መብራት እስካለ ድረስ ስካይሪም ነበረ።

በየሰፈሩ የነበሩት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ግን ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ አልተመቹም። እዚያ የነገሠው ኳስ ነው። አንድ ግጥሚያ በአሥራ አምስት ደቂቃ ያልቃል፤ የተሸነፈው ይነሣል፤ ተረኛው ይቀመጣል፤ ከኋላ የቆሙት ይስቃሉ፣ ይፈርዳሉ። ለወራት የሚዘልቅ የአንድ ሰው ጉዞ በሰዓት ተከፍሎ አይጫወቱትም፤ ዛሬ የደረሱበትን ቦታ መዝግበው ቢሄዱ ነገ ሌላው በላዩ ላይ የራሱን መዝግቦ ያጠፋዋል። በዚህ ምክንያት ነገሩ የራሱ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ብቻ የሚጫወተው የብቸኝነት ጨዋታ ሆኖ ቆየ። ጀሪፍ ሰፈር ከነበሩት ሐበሾች አንዱ፣ ቀን ቀን ኮምፒዩተር የሚጠግን ወጣት፣ ከተጣሉ ዕቃዎች ለቃቅሞ በገጣጠመው ማሽን ማታ ማታ ሞሮዊንድን ይጫወት ነበር። ከጎኑ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት አይጠፋም። የክፍል ጓደኞቹ «ይህ ልጅ ይጫወታል ወይስ ያጠናል?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ይህን ልጅ የያዘው የጨዋታው መግቢያ ነው። በሞሮዊንድ ተጫዋቹ እስረኛ ሆኖ በመርከብ ከማያውቀው አገር ይደርሳል። ወታደር ከመርከቡ አውርዶ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይወስደዋል፤ የቆጠራና የቀረጥ ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ መዝገብ ዘርግቶ ማንነቱን ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ተሞልቶ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በሩ ይከፈታል፤ ሂድ ይባላል። ከደጅ ያለው ሕዝብ በቋንቋው ያናግረዋል እንጂ አይቀበለውም፤ «የውጭ ሰው» እያለ ይጠራዋል። ስካይሪም ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ተጫዋቹ ዓይኑን ሲገልጥ እጁ ታስሮ በጋሪ ላይ ተቀምጧል፤ ድንበር ሲሻገር ከማያውቃቸው ዐማፅያን ጋር ተይዟል። ጋሪው ከመገደያው ቦታ ይደርሳል። የተያዙት ሰዎች ስም ሲጠራ የእርሱ ስም በዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ጸሐፊው ምን እናድርግ ብሎ ይጠይቃል፤ አለቃይቱም ዝርዝሩን ተወውና ከሌሎቹ ጋር ይሂድ ትላለች።

ከመተማ ወደ ጋላባት፣ ከዚያም በገዳሪፍ በኩል ወደ ካርቱም ለተሻገረ ሰው ይህ ትዕይንት ተረት አይደለም። ኢቃማ የሌለው ሰው የ«ከሻ» መኪና ከሩቅ ሲያይ ልቡ እንዴት እንደሚመታ ያውቃል። ስሙ በማንም መዝገብ ላይ አለመኖሩ ነጻነት እንዳልሆነ፣ ከሌሎቹ ጋር ለመጠረዝ እንኳ ስም እንደማያስፈልግ ያውቃል። የጨዋታው ደራሲዎች ይህን ያሰቡት ለጥበብ ብልሃት ይመስላል፤ ያለፈ ታሪኩ የማይታወቅ ሰው ለማንኛውም ተጫዋች ልክ የሚሆን ልብስ ነውና። ጀሪፍ ተቀምጦ ለሚያየው ግን ልብሱ የራሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ጨዋታዎች ይለያያሉ፤ የዋጋቸውም ልዩነት ከዚህ ይጀምራል። ስካይሪም የሚያሳየው አገር እጅግ ያማረ ነው፤ በረዶ የለበሰ ተራራ በሐቡብ አቧራ ለተመታ ዓይን በረከት ነው። ይሁን እንጂ መንገዱን የሚያሳየው ቀስት ነው። ተጫዋቹ ቀስቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ የደረሰበትን ቦታ ካርታው ላይ ነክቶ በቅጽበት ይመለስበታል። ማንንም መጠየቅ አያሻውም። ጥቂት ሰዓት ሳይቆይም ያ ስም የለሽ እስረኛ የተመረጠው ጀግና መሆኑ ይታወጅለታል፤ ዘንዶን ገድሎ ነፍሱን የሚወስድ ሌላ የለምና። ስደተኛን እንዲህ በቶሎ የሚያከብር አገር የለም። ይህ ማባበያ ነው፤ የደከመውን ሰው ለአንድ ሌሊት ያሳርፈዋል፣ በማግሥቱ ግን ምንም አይተውለትም።

ሞሮዊንድ ቀስት የለውም። አገሬው ሲጠየቅ በቃል ያስረዳል፤ ድልድዩን ተሻገር፣ ወንዙን ተከትለህ ውረድ፣ መንገዱ ሲከፈል ወደ ምሥራቅ ታጠፍ በሚል ዓይነት። ያ ሁሉ በማስታወሻ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ተጫዋቹ ያነብበዋል፣ ይስታል፣ ተመልሶ ያነብበዋል። አንዳንዴም የተሰጠው አቅጣጫ ራሱ የተሳሳተ ነው። በካርቱም የሰነበተ ሁሉ ይህን ትምህርት በእግሩ ተምሮታል፤ «የሚን»፣ «ሺማል»፣ «ጊዳም» የምትባለው ሦስት ቃል ከሲቲን መንገድ እስከ ኦምዱርማን የምታደርሰው የረክሻው ነጂ በቅንነት ከተናገራት ነው። ሩቅ ለመሄድ በሞሮዊንድ የግዙፍ ነፍሳት ጀርባ ላይ ተከፍሎ ይወጣል፤ ገንዘብ የሌለው በእግሩ ይሄዳል። ተጫዋቹ በዚህ አገርም የተመረጠው እርሱ ሳይሆን አይቀርም ይባላል፤ ግን ታሪኩ ጥርጣሬውን አያነሣለትም፤ ከእርሱ በፊት እንዲሁ ተብለው የወደቁ ብዙዎች እንደ ነበሩ ያሳየዋል። ይህ ለአዋቂ የሚነገር ታሪክ ነው።

ጥቅሙ ግን ከሁሉ በላይ በቋንቋው በኩል ነው። ሞሮዊንድ ብዙውን የሚናገረው በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ነው፤ በውስጡም ተገልጠው የሚነበቡ በመቶ የሚቆጠሩ መጻሕፍት አሉ። ከስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይዞ ለወጣ ሰው ይህ ከባድ ዳገት ነው፤ የወጣው ሰው ግን አንባቢ ሆኖ ይወርዳል። እዚህ ላይ የትርጉም ነገር ይመጣል። አገሬው ባይተዋሩን የሚጠራበት ያ ቃል በአማርኛ ምን ይባላል? «የውጭ ሰው» ደረቅ ነው። «መጻተኛ» ቢባል ግን የመጽሐፉ ድምፅ አብሮት ይመጣል፤ ንቀቱም ርኅራኄውም በአንድ ቃል ውስጥ ይገኛሉ። «ዘንዶ»ም እንዲሁ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ዘንዶ ሲባል የሚያየው በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር የተጋደመውን እንጂ ክንፍ ዘርግቶ የሚያወራውን አይደለም።

የስካይሪም ዘንዶዎች በእርግጥ ያወራሉ። የሚተፉት እሳት በቋንቋቸው ቃል ነው፤ ሁለት ዘንዶዎች ሲዋጉ በሌላ አነጋገር ይከራከራሉ። ተጫዋቹም ኃይል የሚያገኘው በጥንት ግድግዳዎች ላይ የተቀረጹትን የዚያን ቋንቋ ቃላት አንድ በአንድ በመማር ነው። ለምዕራባዊው ተጫዋች ይህ አዲስ ፈጠራ ሊመስል ይችላል። የእኛ ቋንቋ ግን ነገሩን ከጥንት ያውቀዋል፤ «አስማት» ማለት በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው። ኅቡእ ስምን ያወቀ ኃይልን ያገኛል የሚለው እምነት በክታብና በጥቅልል ብራና ላይ ለዘመናት ሲጻፍ ኖሯል። ስካይሪምን የሚመልስ የአማርኛ ተርጓሚ ቢገኝ፣ እንግሊዝኛው በብዙ ማብራሪያ የደረሰበትን ነገር በአንድ ቃል ያገኘዋል። የሚንከራተት ጀግናም ለአማርኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ በታተመው የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ውስጥ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ አገር ታቋርጣለች።

ያ ተርጓሚ እስካሁን አልተጠራም። ስካይሪም ሲወጣ በይፋ የተዘጋጀው በአውሮፓ ቋንቋዎችና በጃፓንኛ ነበር፤ ዐረብኛም አማርኛም አልነበሩበትም። የሚገርመው ደግሞ ጨዋታዎቹን የሠራው ቤተስዳ የሚገኘው በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ከተማ ነው። ሮክቪል የሞንትጎመሪ አውራጃ መቀመጫ ናት፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግም በዚያው አውራጃ ውስጥ ናት። የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ።

ለተቃዋሚዎቹም ድርሻቸውን መስጠት ይገባል። በካርቱም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ በመንገድ ዳር ሻይና የጀበና ቡና የሚሸጡ። ለእነርሱ መቶ ሰዓት ማለት ከወራት የዕረፍት ቀን ሁሉ ተጠራቅሞ የማይሞላ ሀብት ነው። ስለዚህ ጨዋታው ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር ራሱ በአብዛኛው የወንዶች ክርክር ነበር። በአንድ ክፍል አምስት ሆነው ለሚያድሩ ወጣቶችም የአንዱ የሌሊት ጉዞ የሌላው እንቅልፍ ማጣት ነው። እናቱ ብር ስትጠብቅ ምናባዊ ወርቅ የሚያከማች ልጅ መኖሩም ሐሰት አይደለም። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። በጨዋታው ውስጥ ተጓዡ ቢሞት ቀድሞ ከመዘገበው ቦታ ይነሣል። ያን የለመደ ልብ የሊቢያን በረሃ መንገድ እንዴት እንደሚገምት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሌሊት ጀብዱን የቀን ዕቅድ ያደረጉ አልታጡምና።

ጦርነቱ ሲመጣ መንገዱ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ሱዳናዊው ስደተኛ ሆኖ፣ ኢትዮጵያዊው ተመላሽ ሆኖ፣ የሌላ አገር ሰውም አብሮ። በድንበሩ ላይ ጠረጴዛ ነበረ፤ መዝገብ ነበረ፤ ስም የሚጠይቅ ጸሐፊ ነበረ። ባለ ኢቃማው የካርቱም ነጋዴና ኢቃማ የሌለው የቀን ሠራተኛ በአንድ ሰልፍ ቆሙ። የጀሪፉ ጠጋኝም ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበረ፤ ኮምፒዩተሩን መያዝ አልቻለም፤ መዝገበ ቃላቱን ይዟል።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። ለማንበብ ትዕግሥት ላለው ሰው ሞሮዊንድ መቶውን ሰዓት ይገባዋል፤ ያረጀ በመሆኑም ርካሽና ደካማ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ ይህም ለእንደኛ ዓይነቱ ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው። ስካይሪም ግማሹ ይበቃዋል፤ መግቢያውን፣ ተራራውንና የዘንዶዎቹን ቋንቋ አይቶ መተው ይቻላል። ጊዜው ጠባብ የሆነበት ደግሞ ከሞሮዊንድ የመጀመሪያዋን መንደር ብቻ ይጫወት፤ ከመርከቡ ወርዶ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ በሩን ከፍቶ ከወጣ በኋላ ወደ ከተማው የሚወስደውን መንገድ ከአገሬው ይጠይቅ።