ውሻ አስከትሎ ወደ ራስ ደጀን

እኅቶቼ ሆይ፣ ከመካከላችሁ የደባርቅ፣ የጃናሞራና የበየዳ ልጆች ካላችሁ መንገዱን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ለዕረፍት ሀገራችሁ ስትገቡ ወንድሞቻችሁ «ተራራውን እናሳይሽ» ማለታቸው፣ የቤቱም ውሻ ሳይጠራ መከተሉ አይቀርም።

መንገዱ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ ያልፋል፤ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል፤ ከዚያም እንደገና አቀበት ነው። የራስ ደጀን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ጅብራው በውርጭ መካከል ቆሞ ስታዩት ድካሙ ይረሳል። ነገር ግን በቤሩት፣ በዱባይ ወይም በጅዳ በባሕር ዳርቻ ዓመታት ኖራችኋልና ደጋ ተወልጃለሁ ብላችሁ አትቸኩሉ። ራስ ቢፈልጥ፣ ማስታወክም ቢመጣ እልኽ ሳይገቡ መውረድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስለ ደረሰ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ።

ወደ ውሻው ልመለስ። እረኛን ከጅብና ከነብር የሚያነቃ ታማኝ እንስሳ ነውና ክፉ አልናገረውም። ዳሩ ግን በዚያ ከፍታ ዐይጥ እያደነ የሚኖር ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ሁሉ ቢቈጠር 500 አይሞላም። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ይተላለፍበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ይኸው በሽታ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ውሻው ጤነኛ ቢመስልም በሽታው ሳይታይ በውስጡ ሊሰነብት ይችላል። እኛ ካህናት ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዳይገባ እንጠብቅ የለም? የቀበሮውም ደጅ እንዲሁ ቢጠበቅለት ምን አለበት!

ነገሩ የሰውም ነው። ቤተሰባችሁን በስልክ ስታገኙ «ውሻው ተከተበ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን እጅግ ጥቂት ነው። «ጸበል ይበቃዋል» የሚል ቢኖር፣ ይጠመቅ፤ መርፌውንም ይወጋ፤ ጸበል መርፌን አይከለክልም በሉት።

ውሻውንስ? ከጎረቤት ዘንድ አስራችሁ፣ እንጀራም ትታችሁለት ውጡ። ስትመለሱ ጅራቱን እየቆላ ይቀበላችኋል።