ባለ አራት ጉሮሮ

ቅዳሜ ጠዋት ካርቡሬተር ታቅፎ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም ነበር። አንዱ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ሌላው በልጁ ፎጣ፣ ሌላው በጫማ ካርቶን። በሰማንያዎቹ መጨረሻ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሜሪላንድ ውስጥ የሠራሁበት ጋራዥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ፍሬንና ማርሚታ ሲጠግን የሚውል ተራ ጋራዥ ነበር። ቅዳሜ ግን የሽማግሌው አለቃችን ቀን ነው። የስልሳዎቹን ጉልበተኛ መኪኖች፣ አሜሪካኖች መስል ካር የሚሏቸውን፣ ያስቀመጠ ሁሉ እየተጠራራ ይመጣል። ጥያቄያቸውም ያው ነው፦ «ይሄ ምንድን ነው? ለሞተሬስ ይሆናል?»

እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደግሁ ነኝ። የፊያትና የቮልስ ካርቡሬተር ፈትቼ፣ በቤንዚን አጥቤ ገጥሜ፣ ሚኒሞውን በካቻቢቴ ማስተካከል ከልጅነቴ የማውቀው ሥራ ነው። እሱ ግን ባለ አንድ፣ ቢበዛ ባለ ሁለት ጉሮሮ ነበር። የአሜሪካኖቹ አራት አላቸው። ሁለቱ ለዘወትር ይሠራሉ፤ ሁለቱ ነጂው ነዳጁን ጠበቅ አድርጎ እስኪረግጥ ተዘግተው ይቆያሉ። እነሱ ሲከፈቱ ከኮፈኑ ሥር የሚሰማው የማርሚታው ድምፅ አይደለም፤ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያጓራው ነው። ያን ድምፅ ለመስማት ሲሉ ብቻ በየትራፊክ መብራቱ ቤንዚን የሚያቃጥሉ ሽበታም ሰዎች አውቃለሁ።

አለቃችን ካርቡሬተር ሲሰጡት አስቀድሞ በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል። ኳድራጄት ከሆነ፣ ማለትም ሮቸስተር በ1965 ያወጣውና ጄኔራል ሞተርስ በስንቱ መኪና ላይ የገጠመው፣ ግራ ጎኑን ከወደ ኋላ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ይጠርገዋል። የሃያ ዓመት ዘይትና አቧራ ቡናማ ሆኖ ይለቃል፤ ከሥሩ ወርቅማ ቅቡ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች የተመቱ ሰባት አሃዞች ይታያሉ። 7029203። «የ69 ሸቭሮሌ፣ ማንዋል» ይላል መነጽሩን ሳይፈልግ።

አነባበቡን ቆይቶ አስተማረኝ። 7029 ብሎ ከጀመረ የ1969፣ 7040 ካለ የ1970 ነው። ከመጨረሻው አሃዝ በፊት ያለው ዜሮ ሸቭሮሌ መሆኑን ይናገራል፤ ስድስት ከሆነ ፖንቲያክ። የመጨረሻው አሃዝ ጎዶሎ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማንዋል፣ ሙሉ ከሆነ አውቶማቲክ። የሌላ ፋብሪካ ሥራ የሆነው ሆሊ ሲሆን ደግሞ ከላይ፣ ቾኩ ያለበት ግድግዳ ላይ ነው የሚፈለገው፤ «ሊስት» ከሚለው ቀጥሎ ቁጥሩ አለ። የሚያናድደው ሦስተኛው ፋብሪካ፣ ካርተር ነው። የዘሩን ነገር የምትናገረው በአንድ ብሎን የተያዘች ሦስት ማዕዘን ቆርቆሮ ናት፤ እሷን ደግሞ መጀመሪያ የፈታው መካኒክ ጥሏታል። የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ፣ ይህን ሁሉ እብደት ያስጀመረው መኪና፣ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሩ ላይ መደበኛው ካርተር ነበር። ጨመር አድርጎ የከፈለ ሰው በሱ ፈንታ ሦስት ባለ ሁለት ጉሮሮ ሮቸስተሮች በሰልፍ ተደርድረውለት ይረከባል። ሦስቱን እኩል ማስተካከል የትዕግሥት ፈተና ነው፤ እኔ ግን ከዚያ የበለጠ የሚያምር ነገር ከኮፈን ሥር አላየሁም።

አንዳንዴ ፔንሲልቬኒያ፣ ካርላይል ድረስ አብሬው እሄድ ነበር። እዚያ ከ1974 ጀምሮ የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ ይቆማል። መሬት ላይ በተዘረጋ ሸራ ካርቡሬተር እንደ ጉድ ይደረደራል፣ ሻጩም ሁሉንም «ኦሪጅናል ነው» ይላል። አለቃችን ኪሱ ውስጥ ቁጥር የሞላበት ደብተር ነበረችው፤ ሲከራከር ግን ገልጧት አላየሁም። ታች በኩል ይገለብጠውና ጉሮሮዎቹን ያያል። የኳድራጄት የፊቶቹ ጠባብ፣ የኋላዎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ የተለመደው ሆሊ አራቱም የተቀራረቡ ናቸው። ሞተሩ ላይ ያለው ማኒፎልድ ለአንደኛው የተሠራ ከሆነ ሌላው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይህን ሳያዩ ገዝተው ቤታቸው የደረሱ ሰዎች ናቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደኛ የሚመጡት።

ቁጥሩን ማንበብ ከተለመደ በኋላ ከባዱ መምረጡ ነው፤ ሰው ትልቅ ይወዳላ። ስሌቱ ግን ቀላል ነው። የሞተሩ ስፋት በኪዩቢክ ኢንች ተወስዶ ሞተሩ በደቂቃ በሚሽከረከረው ከፍተኛ ዙር ይባዛል፣ ከዚያ ለ3456 ይካፈላል። አንድ ኪዩቢክ ጫማ 1728 ኪዩቢክ ኢንች ነው፤ ሞተሩ አየር የሚስበው በሁለት ዙር አንዴ ስለሆነ እጥፍ ይደረጋል። የሸቭሮሌ 350 በ5500 ዙር በደቂቃ 557 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይወጣለታል። ያም ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ቢሞላ ነው፤ የመንገድ ሞተር ከመቶ 85 ከሞላ ደህና ነው፤ 473 ላይ ይወርዳል። በደቂቃ 600 ኪዩቢክ ጫማ አየር የሚያሳልፈው፣ ባለ 600 የሚባለው ካርቡሬተር ይበቃዋል ማለት ነው፣ ተርፎትም። አለቃችን ይህን ቁጥር በኖራ መሬት ላይ እየጻፈ ነበር የሚያስረዳው፤ ደንበኛው አንገቱን ይነቀንቅና ባለ 750 ይገዛል።

ባለፈው ወር ጓደኛዬ ልጁን ላከብኝ። እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው፤ ባለ 350 አውቶማቲክ የ1970 ሸቬል ገዝቷል። የሆሊውን ካርቡሬተር በፎጣ ጠቅልሎ ይዞ ሲገባ ገና ፎጣውን ሳየው ሳቄ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን ተመልከትልኝ፤ ሻጩ ለሱ ነው የተሠራው ብሎኛል።»

ጠረግሁት። 4779። ባለ 750፣ ሁለት ፓምፕ ያለው፣ የኋላ ጉሮሮዎቹ በእግር ትእዛዝ የሚከፈቱ። ለቀላል መኪና፣ ለማንዋል፣ ለእሽቅድምድም ግሩም ነው። ከባድና አውቶማቲክ ለሆነው ለሱ ሸቬል ግን ሞተሩ ሳይዘጋጅ አየሩን ይለቅበትና ገና ሲነሳ ያንቀዋል። እሳት እፍ ሲባል ከንፈር ይሞጠሞጣል እንጂ አፍ አይከፈትም፤ ቤንዚኑን የሚስበው የአየሩ ፍጥነት ነው፣ ጉሮሮ ሲሰፋ ፍጥነቱ ይሞታል። ያንተ 1850 ነው አልኩት፤ ባለ 600፣ የኋላዎቹ ሞተሩ ሲፈልግ በቫኪዩም የሚከፈቱ። እሱም ስልኩን አውጥቶ ሌላ ነገር አሳየኝ፦ መልኩ ቁርጥ ካርቡሬተር፣ ውስጡ ግን ኮምፒውተር፤ ገጥመኸው ስትነዳ ራሱን የሚያስተካክል።

ስለሱ ክፉ አልናገርም። በጥር ብርድ የታፈነ ሞተር ለማስነሳት ባትሪ የጨረሰ ሰው ናፍቆቱ ልክ አለው። የጭስ ሕጉ ሲጠብቅ ካርቡሬተር ከ1990 ወዲህ ከአሜሪካ አዲስ መኪኖች ላይ የጠፋውም በምክንያት ነው። እኔ ራሴ የምነዳው ሃይብሪድ ቶዮታ ነው። የሚናፍቀኝ ያ የቅዳሜ ችሎት ነው፤ ጣት ላይ የሚቀረው የቤንዚን ሽታ፣ ሚኒሞው ሲስተካከል ስድስት ሰው ትንፋሹን ውጦ ጆሮውን የሚጥልበት። ብሎኑን ወደ ውስጥ ስታጠብቅ ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ ቀስ ብለህ ስታላላ ይረጋል፤ ትንሽ ስታልፍ ደግሞ ይከፋዋል። አለቃችን ጋራዡን ሸጦ ፍሎሪዳ ከሄደ ወዲህ ቦታው ላይ የስልክ ሱቅ ተከፍቷል።

ልጁ ሁሉንም ሰምቶ ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ ለአዘቦት 600ውን፣ ለእሁድ 750ውን ባደርግስ?» አለኝ። ገንዘቡ ያንተ ነው፣ ብቻ ለእሁዱ ማንዋል ካምቢዮም ግዛ አልኩት።