ለሠርግ የመጡ እናት ምን አይተው ይመለሱ?

በገጠር የሚኖሩ እናቶቻችን ወደ አዲስ አበባ የሚመጡበት ምክንያት ቢቆጠር ከሦስት ብዙም አያልፍም፤ ሕክምና፣ ለቅሶና ሠርግ ነው። በሕክምና ወይም በለቅሶ የመጣ ሰው ከተማ ለማየት ልብ የለውም። የሚቀረው ሠርግ ነው። የሠርጉም ጉዞ ቢሆን እንዴት እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። እናት ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ይገባሉ፤ ሽንኩርት ሲልጡና ዶሮ ሲገነጥሉ ያመሻሉ፤ በማግሥቱ በአዳራሽ አንድ ጥግ ይቀመጣሉ፤ በሦስተኛው ቀን ስንቃቸውን ቋጥረው ይሳፈራሉ። አገር ቤት ሲደርሱ «አዲስ አበባ እንዴት ናት?» ተብለው ቢጠየቁ የሚናገሩት ስለ ሰው ብዛትና ስለ መኪና ጩኸት ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ጉዞ ላይ ግማሽ ቀን ተቀንሶ ለሙዚየም ቢሰጥ ምን እንደሚገኝ በራሴ ቤተሰብ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ነገሩ የሽርሽር ወሬ ብቻ አይደለም፤ ከእናቶቻችን ኑሮ የትኛውን እንያዝ፣ የትኛውንስ እንተው የሚለውን ጥያቄ የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሴት ልጁን ይድር ነበር። የእኔ ነዋሪነት መሐል ሜዳ ነው፤ እናቴ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ይኖራሉ። ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ ተሳፍረን፣ በሞላሌና በመዘዞ አድርገን ጣርማ በር ደረስን። ደብረ ብርሃን ላይ እህል ቀማምሰን፣ ጫጫን፣ ሸኖንና ሰንዳፋን አልፈን ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገባን። መንገዱ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እናቴ በዚህ ሁሉ መንገድ በጓሳ ገመድ የታሰረ አንድ ጥቅል ከጭናቸው አላወረዱም። ረዳቱ ከላይ እንጫነው ቢላቸው፣ «ይህ የሙሽራ ነው፤ ከላይ አይጫንም» ብለው መለሱት። ጥቅሉ ባና ነበር።

መንዝን ለማያውቁ አንባቢያን ስለ ባና ጥቂት ልበል። መንዝ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚያልፍ ደጋ አገር ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሜዳውን ያነጣዋል። በዚህ ብርድ ሕዝቡን ያኖረው በጉ ነው። ከበጉ ጠጉር ባና ለመኝታ፣ በርኖስ ለትከሻ ይሠራል። ጠጉሩን ማጠብ፣ ማፍታታትና በእንዝርት መፍተል የሴቶች ድርሻ ነው፤ ሽመናው የወንዶች ነው። እናቴ ለልጅ ልጃቸው ያመጡትን ባና ድርና ማግ የፈተሉት ከሐምሌ እስከ ሐምሌ፣ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሌላው ሥራ ሲተርፋቸው ነው።

ዓርብ ማታ ስጦታው ሁሉ በአንድ ክፍል ተደርድሮ ሲታይ፣ ከአንሶላውና ከፋብሪካው ብርድ ልብስ አጠገብ ባናው ጠቁሮና ሻክሮ ታየ። ከዘመዶቻችን አንዷ፣ ክፋት አስባ ሳይሆን፣ «ይህን እንኳ ለአዳራሹ ባናወጣው አይሻልም? የሙሽራው ወገኖች ምን ይላሉ?» አለች። የመለሰላት የለም። ሙሽራይቱም አንገቷን ደፋች። እናቴ ባናውን መልሰው ጠቀለሉና በጓሳው ገመድ አሰሩት። ያን ሌሊት ብዙም አልተናገሩም።

ቅዳሜ ጠዋት ድግሱን የሚያሰናዱ ሙያተኞች ተቀጥረው ስለ ነበር ወጥ ቤቱ እናቴን አልፈለጋቸውም። ሙሽራይቱ ጠጉሯን ልትሠራ ሄደች። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ወንድሟ፣ «እማማን እዚህ ከምናስቀምጣቸው ሙዚየም ልውሰዳቸው» አለ። እናቴ፣ እኔ፣ እሱና ሁለት ትንንሽ ልጃገረዶች ሆነን ተነሣን።

መጀመሪያ የገባነው አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። እናቴን ከሁሉ ይልቅ ያቆመቻቸው ድንቅነሽ ነበረች። አጥንቷ የተገኘው በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ፣ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይገመታል። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ሲሆን ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቆልፎ ይጠበቃል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማያልፍ መሆኑን ልጁ ሲነግራቸው፣ እናቴ ትንሿን የልጅ ልጃቸውን አስጠግተው ለኩና «ይቺማ ሕፃን ናት» አሉ። ሕፃን እንዳልነበረች፣ የመጨረሻው መንጋጋዋ ወጥቶ ስለ ተገኘ ሙሉ ሴት መሆኗ እንደ ታወቀ አስረዳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ይህን ሁሉ ዘመን መሬት ይዛ ቆየቻት። እኛ የትናንቱን መያዝ አቅቶናል» አሉ። ያን ጊዜ ንግግራቸው ስለ ባናው ይሁን ስለ ሌላ አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ በእግራችን ወደ ስድስት ኪሎ ወጣን። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው ቀድሞ ገነተ ልዑል ይባል በነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ ተቋሙም በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከሕንፃው ፊት ለፊት ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት፣ ወዴትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ድል ሲደረጉ በደረጃው ጫፍ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። እናቴ አንበሳውን ቀና ብለው አይተው፣ «ደግ አደረጉ! ወጥተው ተቀመጡበት» አሉና ሁላችንንም አሳቁን።

በዚህ ሙዚየም የንጉሡና የእቴጌ መነን መኝታ ቤቶችም ይታያሉ። እናቴ ወደ ውስጥ ተመልክተው በቀስታ፣ «ለብርዱስ ምን ይደርቡ ኖሯል?» አሉ። የደጋ ሴት ጥያቄ እንዲህ ነው።

ሙዚየሙን ለቤተሰብ የሚስማማ የሚያደርገው አደራደሩ ነው። ዕቃው በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር አልተለየም፤ የሰውን ሕይወት ተከትሎ ነው የተደረደረው። መጀመሪያ ልጅነት፣ ቀጥሎ ጉልምስና፣ መጨረሻ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ይመጣል። ስለዚህ ጎብኚዋ ማንበብ ባትችልም እንኳ የራሷን ዕድሜ እየተራመደች ታያለች። እናቴ እስኪያ ድረስ ልጁ የሚነግራቸውን የሚሰሙ እንግዳ ነበሩ። ስለ ጋብቻ የሚያሳየው ዘንድ ስንደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ እሳቸው ተናጋሪ፣ ልጆቹ ሰሚ ሆኑ።

«እኔ ስዳር አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር» አሉ። «በበቅሎ ጭነው ሲወስዱኝ ፊቴ ተሸፍኖ ስለ ነበር መንገዱን አላየሁትም። ባሌን ያወቅሁት ቤቱ ከገባሁ በኋላ ነው። ማታ ማታ እናቴ ትናፍቀኝና ምድጃው አጠገብ ሄጄ አለቅስ ነበር።» ትንሿ ልጅ እኩያዋ መሆናቸው ገብቷት ነው መሰለኝ እጃቸውን ያዘች። እኔ ልጃቸው ስሆን የምድጃውን ነገር የዚያን ዕለት ነው የሰማሁት።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ ደነገገ። የወንድሜ ልጅ የምትዳረው ትምህርቷን ጨርሳ፣ የራሷን እንጀራ ይዛ፣ የመረጠችውን ሰው ነው። በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ያለው ይህ ለውጥ ትልቅ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ሙሽራ ነገር በመስተዋት ውስጥ ተዘግቶ የሚቀር ታሪክ ይሁን እንጂ ወደ ቤታችን የሚመለስ አይሁን።

እናቴ ግን በዚያ አላበቁም። ወጥተን ልንሄድ ስንል ዞር ብለው፣ «የእኛስ ባና የታለ?» ብለው ጠየቁ። በቸኮለው ዙራችን ስላላየነው ልጁ፣ «እማማ፣ ባና እንዴት ነው የሚሠራው?» አላቸው። ግቢው ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ስልኩን አውጥቶ ድምፃቸውን ቀዳ። በጉ መቼ እንደሚሸለት፣ ጠጉሩ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የጥቁሩና የነጩ ጠጉር እንዴት እንደሚለይ፣ ለፈትል የሚሆነው በጣት እንዴት እንደሚታወቅ፣ ተሸምኖ ሲያበቃም በውሃ እየተረገጠ እንዴት እንደሚጠብቅ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገሩ። መጨረሻ ላይ የተናገሩት ግን አጭር ነበር። «ከሰባቱ የልጅ ልጆቼ እንዝርት የምታሾር አንዲት የለችም። እኔም ጣቴ እየደከመ ነው።»

ያን ማታ ልጁ የቀዳውን ለእህቱ አሰማት። ሠርጉ እሑድ በደስታ አለፈ። የሙሽራይቱ ወገኖች በር ዘግተው ሙሽራውን አስለመኑት፤ እሷም የአያቷን ጉልበት ስማ ተመረቀች። ባናው አዳራሽ አልወጣም። ይሁን እንጂ ማታ ልትሄድ ስትል የአያቷን ጥቅል ራሷ አንሥታ መኪናው ውስጥ ከጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ «እማማ፣ ሰው ሲመጣ አንድ እንዝርት ላኩልኝ» አለቻቸው። ለአዳራሽ አለመውጣቱ ቅር ብሏቸው እንደ ሆነ እናቴን በመንገድ ጠየቅኋቸው። «ባና ለብርድ እንጂ ለዓይን አልተሠራም። ከለበሰችው ይበቃኛል» አሉኝ። ሙሽራይቱ ፈታይ ትሆናለች ብዬ አልጠብቅም፤ የከተማ ኑሮ ጊዜ አይሰጥም። ነገር ግን ያ ባና በእንግዳ ፊት የሚሸሸግ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቀድሞ ማሰብ ነው። የሠርግ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ እንደሚባለው እንዳይሆን፣ ሠርጉ ሲቆረጥ አብሮ ግማሽ ቀን ይመደብ። የወጥ ቤቱን ሥራ ከገጠር ለመጡት እናቶች ብቻ መተው አይገባም፤ ወንዶች ልጆችም ሽንኩርት መላጥ ይችላሉ። ሙዚየሙ በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ፣ መታወቂያም መያዝ ይበጃል። በአንድ ቀን ብዙ ቦታ ማዳረስ የእናቶችን ጉልበት ይጎዳል፤ ሁለት ይበቃል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለሚቀጥለው ሠርግ ይቆይ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ እናቶቻችንን ሙዚየም ስንወስድ ልናስተምራቸው ብቻ አንሂድ፤ እንጠይቃቸው። «ይህ በእናንተ አገር ምን ይባላል? ማን ነበር የሚሠራው? አንቺስ በልጅነትሽ ምን ደረሰብሽ?» እንበላቸው። ዕቃ ሲያዩ ትዝ የሚላቸው ነገር ቤት ተቀምጠው ትዝ አይላቸውም። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል፤ የአንዲት እናት ግማሽ ሰዓት ንግግር ቢቀመጥ ለልጅ ልጆች ርስት ነው። ከሚነግሩን ውስጥ እንደ ልጅነት ጋብቻ ያለው፣ ተሰምቶና ታዝኖበት፣ ዳግመኛ እንዳይመጣ የሚጠበቅ ነው። እንደ ፈትሉ ያለው የእጅ ጥበብ ደግሞ አንድ ሰው እንኳ ተቀብሎ ቢይዘው የሚተርፍ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የእኛ የልጆቻቸው ፋንታ ነው፤ ይህንም ማድረግ የምንችለው እነሱ በሕይወት ሳሉ ብቻ ነው።