ውኃ የማይቀዳበት ጉድጓድ

አባቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከመርሐቤቴ ወደ ደብረ ብርሃን የመጡ ጊዜ፣ ከሐኪም ቤት መልስ በአንድ ፋብሪካ አጥር ሥር አለፍን። ከሽቦው ወዲያ፣ በሣሩ መካከል፣ ከጉልበት የማይበልጥ የብረት ቱቦ ቆሟል፤ ክዳኑ በቁልፍ ተከርችሟል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ ደኅናውን ዓይናቸውን አጥብበው።

«ጉድጓድ ነው፣ አባባ።»

«ገመዱስ? መቅጃውስ?»

«ውኃ አይቀዳበትም። ከመሬት በታች ያለው ውኃ አለመበከሉን መመልከቻ ነው።»

ጥቂት ዝም አሉና «እሺ… ታዲያ ማን ይመለከተዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም፤ ብርዱን ምክንያት አድርጌ እንፍጠን አልኳቸው።

ውድ አንባቢ፣ እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን የብድር ማኅደር አገላብጣለሁ፤ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። (ከሁለቱ የትኛው እንደማይሳካልኝ ይህን ገጽ የምትከታተሉ ታውቁታላችሁ።) ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ለመናገር የሚያበቃ ትምህርት የለኝም። ነገር ግን የዚያ ጉድጓድ ወረቀት በእጄ አልፏል፤ ሲቆፈርም ቆሜ አይቻለሁ። የፋብሪካውን ስም ግን አልጠራም።

ደብረ ብርሃንን በልጅነታችን በብርዷና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር የምናውቃት። ዛሬ ቢራው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው ሁሉ መጥቶላታል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ሥራ ፈላጊ ወንድም ያለው ሰው ይህን አይጠላም፤ እኔም አልጠላም። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ መጠናት አለበት ተብሏል። ለብድሩ ማኅደር የቀረበውም ጥናት «ሦስት የከርሰ ምድር ውኃ መከታተያ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ» ይል ነበር። ብድሩ ለተባለው ሥራ መዋሉን እንዳረጋግጥ ተላክሁ።

የደረስኩት ሁለተኛው ሲቆፈር ነው። የመሰርሰሪያው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል፤ ከጉድጓዱ አፍ መጀመሪያ ጥቁር አፈር፣ ቀጥሎ እንደ ዱቄት የላመ የድንጋይ ብናኝ ተነሣ። አንዲት ወጣት ጂኦሎጂስት ከየጥልቀቱ የወጣውን ድንጋይ በተራ እየደረደረች ትመዘግባለች። በዚህ ደጋ ከአፈሩ በታች ያለው ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት መሆኑን፣ ውኃውም በአብዛኛው በድንጋዩ ስንጥቅ እንደሚሄድ ነገረችኝ። «ስንጥቁን ከሳትነው፣ መርዙ በአጠገባችን እያለፈ ጉድጓዱ ንጹሕ ነው ይለናል» አለችኝ።

ለምን ሦስት እንዳስፈለገም ጠየቅኋት። አንዱ ከፋብሪካው በላይ ነው፤ ውኃው ፋብሪካውን ሳያገኝ ምን እንደሚመስል ይናገራል። ሁለቱ ከታች ናቸው። የሦስቱ የውኃ ከፍታ ተለክቶ ሲተያይ ውኃው ወዴት እንደሚያዘነብል ይታወቃል፤ በሁለት ብቻ አይታወቅም። እንደ ጉልቻ ነው አልኩ በልቤ፤ ያለ ሦስት አይቆምም።

ከዚያ ቱቦው ወረደ። የታችኛው ክፍሉ ውኃ እንዲያስገባ በቀጫጭኑ ተሰንጥቋል። በዙሪያው ጠጠር፣ ከጠጠሩ በላይ ውኃ ሲነካው የሚያብጥ ቤንቶናይት የሚሉት ጭቃ፣ ከዚያም ሲሚንቶ ይሞላል፤ ይህ ሁሉ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በቱቦው ጎን ሾልኮ እንዳይገባና ምስክርነቱን እንዳያበላሽ ነው። ናሙና በሚወሰድበት ጊዜም ቱቦ ውስጥ ሲጠራቀም የከረመው ውኃ ቀድሞ ይደፋል፤ የሚፈለገው ከድንጋዩ አዲስ የሚመጣው ነውና። ከሁሉ የገረመኝ ግን የመጀመሪያው ናሙና ፋብሪካው ሥራ ሳይጀምር መወሰድ ያለበት መሆኑ ነው። አለዚያ የኋላውን ከምን ጋር ያስተያዩታል?

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ሂንክሊ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። አንድ የጋዝ ኩባንያ ከ1952 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ማቀዝቀዣው እንዳይዝግ ክሮሚየም ይጠቀም ነበር፤ ፍሳሹንም ወለል ባልተነጠፈለት ኩሬ ይደፋው ነበር። ከርሰ ምድር ውኃው መበከሉ ለመንግሥት የተነገረው በ1987 ነው። በ1996 ኩባንያው ለነዋሪዎቹ 333 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የክትትል ጉድጓዶቹ በመቶዎች የተቆጠሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዓመቱ ለክትትል ተመለስኩ። የሦስተኛው ጉድጓድ ክዳን ላይ የጥበቃው ካፖርት ተሰጥቶ ነበር። ቁልፉን ጠየቅሁ፤ ጥበቃው ወደ ቢሮ፣ ቢሮው ወደ አንድ መሐንዲስ መራኝ፤ መሐንዲሱ ሥራውን ለቅቋል። የውኃውን ውጤት የጻፉበት መዝገብም አልተገኘም። የያዝኩት ቅጽ «መከታተያ ጉድጓድ፦ አለ / የለም» ብሎ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። «አለ» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ውሸት አልጻፍኩም፤ ጉድጓዱ አለ። ማኅደሩ ተዘጋ፤ እኔም ምሳዬን በላሁ።

የአባቴ ጥያቄ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ውኃ ጀማን ነው፤ ከብቶቻቸው የሚጠጡት ከእርሱ ነው። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወርዶ ጀማ እንደሚገባ ግን አልነገርኳቸውም። እኔ አውቅ ነበር፤ ምልክቱን ሳደርግም አውቅ ነበር።

ዘንድሮ ተራው ደርሶ እንደገና ሄድኩ። መቆለፊያው ዝጓል። በቅጹ ላይ አሁንም «አለ» አልኩ፤ ከግርጌው ባለው የአስተያየት ቦታ ግን «ቁልፍ አልተገኘም። ጉድጓዶቹ ከተቆፈሩ ወዲህ የተወሰደ የውኃ ናሙና ውጤት አልቀረበም» ብዬ ፈረምኩ። አለቃዬ አረፍተ ነገሩን በእርሳስ ከብቦ መለሰልኝ። «ወንድሜ፣ ይህ የባንክ ሥራ አይደለም» አለኝ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ደክሞት ነበር። እንዳወጣው አላዘዘኝም። እኔም አላወጣሁትም። ማኅደሩ እነሆ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

እሑድ ዕለት አባቴ ደወሉ። ዓይናቸው ተሽሏል፤ ዝናቡ ጥሩ ነው። ሊዘጉ ሲሉ ትዝ አላቸው።

«ስማማ ልጄ፣ ያን ጉድጓድ ከፈቱት?»

«ገና ነው፣ አባባ» አልኳቸው።