በላንጋኖ ዳር ከውሻ ጋር ማደር

ቤታቸውን በመኪና አድርገው አገር ላገር የሚዞሩ መንገደኞች፥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ማደር ይወዳሉ። አንዳንዶቹም ውሻ ያስከትላሉ፤ የጦብያስ ውሻ ከመንገደኞቹ ጋር ሄዶ የለምን? ነገር ግን ዳርቻው ባለቤት የሌለው ሜዳ አይደለም፤ የአርሲ ኦሮሞ እረኞች ከብት የሚያሰማሩበት ነው።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል፤ ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. እብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በዚሁ አትርፎአል። እንግዲህ ውሻን ሳያስከትቡ መጓዝ የእረኛውን ልጅ ለሞት ማጋለጥ ነው።

በቀትርም ውሻን በተዘጋ መኪና ትቶ ወደ ዋና መሄድ ጭካኔ ነው እንላለን። የሐይቁ ውሃ ድፍርስና ጨዋማ ስለ ሆነ፥ ለሰውም ለውሻም የሚጠጣውን ዝዋይ (ባቱ) ላይ መያዝ ይገባል።